«ሁሉንም ገጾች እንዲያነብ ይፈቅዳሉ?»

ሰፈሬን ጀሪፍን ለቅቄ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ሌሊቱን ጫማዬን እንዳደረግኩ ቁጭ ብዬ አነጋሁ፤ አባቴም ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ካርቱምን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት ዳቦ ጋጋሪዎቹ ናቸው። ያን ቀን ዳቦም የለም፣ የሚቀሰቀስ ሰውም የለም፤ ግማሹ ሰፈር ጦርነቱን ሸሽቶ ቀድሞን ወጥቷል።

አባቴ ላፕቶፔን በሁለት ነጠላ ጠቅልሎ የዱቄት ከረጢት ውስጥ ቀበረልኝ።

«ፍተሻ ላይ ምንድን ነው ካሉሽ ዱቄት ነው በይ።»

«ባባ፣ ርቧቸው ዱቄቱን ቢወስዱትስ?»

ቆም ብሎ አሰበና፣ «እንግዲያው ነቀዝ ገብቶበታል በይ» አለኝ።

ሳቅን። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን የሳቅነው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም። አውቶቡሱ ጋ ሲያደርሰኝ «ቤቱን ትንሽ ልጠብቅና እከተልሻለሁ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ መኪና እየጠገነ የሠራው ቤት ነው። አልተከተለኝም።

ለማታውቁኝ፣ ዘውድነሽ እባላለሁ። አባትና እናቴ ከጎንደር ናቸው፤ እኔ ግን ካርቱም ነው የተወለድኩት፣ እናቴም ያረፈችው እዚያው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ዓረብኛ። ሥራዬ የአንድ የግል ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ስለዚህ የእኔ ስደት ትንሽ ግራ ነው፤ ሰው ከሀገሩ ይሰደዳል፣ እኔ ወደ ሀገሬ ተሰደድኩ። ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ፤ መንገዱን ብዙዎቻችሁ ስለመጣችሁበት አልደግመውም። ላፕቶፑ ደረሰ። ዱቄቱን ግን መተማ ላይ ከሦስት ቤተሰብ ጋር ተካፍለን በላነው።

አዲስ አበባ ልደታ የገባሁት የጀሪፍ ጎረቤታችን የነበረች ሴት እዚያ ስለነበረች ነው። እሷ ናት ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሰፈር ክፍል ያፈላለገችልኝ። አከራይዋ እማማ ጥሩነሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ዓረብ አገር ነው አሉ የተወለድሽው።»

«አዎ እማማ።»

«ክርስቲያን ነሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«እዚያ ክርስቲያን አለ እንዴ?»

«አለ። እኛ ነበርን።»

«ይሁን። እንግዳ አይመጣም። ምጣድ አይሰካም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው።»

«ውሃስ መቼ መቼ ይመጣል?»

«እሱን ውሃው ነው የሚያውቀው።»

ወረዳ መታወቂያ ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ባለሥልጣኑ ቀና እንኳ ሳይል «መሸኛ አምጪ» አለኝ። መሸኛ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከለቀቃችሁት ወረዳ የሚጻፍ «ይህች ሰው እኛ ዘንድ ነበረች» የሚል ደብዳቤ ነው።

«የነበርኩት ካርቱም ነው» አልኩት።

«ከካርቱም አምጪያ።»

«ጦርነት ነው። ቢሮው ተቃጥሏል።»

«ቢሮ ቢቃጠል ማኅተም አይጠፋም፤ አንድ ሰው ጋ ይኖራል» ብሎ አጽናናኝ። ሌላ ቀን ስመለስ ሲስተም የለም አሉ። በሦስተኛው ሲስተሙ አለ፣ የሚያውቀው ልጅ የለም። ካርቱም ቢሮ ስትሄዱ «ቡክራ» ይሏችኋል፣ ነገ። ልደታም ነገ ነው የሚሉት። ልዩነቱ ካርቱም ሻይ እያጠጡ ነው የሚነግሯችሁ።

መቼም ሰው ያወዳድራል፤ ምን ይደረጋል። ሜክሲኮ አደባባይ ጋ ፉል አዝዤ ቅቤና እርጎ ተደርጎበት ሲመጣ የሰሊጥ ዘይቱ የት አለ ብዬ አስተናጋጁን ጠየቅኩት፤ ለምግብ ማብሰያ የፈለግኩ መስሎት ሱቅ አሳየኝ። ክረምቱ ሲገባ ሁለት ካልሲ አድርጌ እተኛለሁ። አማርኛዬም ያስቃቸዋል። የወላጆቼ አማርኛ ነው፣ እነሱ ከሀገር ሲወጡ ይዘውት የወጡት፤ እዚህ ያለው ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቆ ሄዷል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «እንደምን አደርክ ወንድሜ» ስለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዓረብኛዬ ግን ሥራ አስገኘልኝ። ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ላይ ወይዘሮ ሂሩት የምትባል ሴት ቅጽ የሚሞላበት፣ የሚተረጎምበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት ቤት አላት። ሦስት ኮምፒዩተር ነው ያለው። የቪዛ ቀጠሮ፣ የትምህርት ማመልከቻ፣ የዓረብ አገር የሥራ ቅጽ፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። ማንበብ የማይችል፣ ቢያነብም እንግሊዝኛው ወይ ዓረብኛው የማይገባው ሰው ፓስፖርቱን፣ የልደት ወረቀቱን፣ የኢሜይሉን ፓስዎርድ ጭምር በእጃችን ያስቀምጣል። ኢሜይሉን የምንከፍትለትም እኛው ነን። አብሮኝ የሚሠራው ናትናኤል የሚባል የጠመንጃ ያዥ ልጅ ነው፤ ፈጣን፣ አራዳ፣ ከሁሉ ጋር ጀለሴ።

አንድ ቀን ናትናኤል በደስታ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው። «ዘውዴ፣ ተገላግለናል። ቅጽ የሚሞላ ኤክስቴንሽን አግኝቻለሁ። ፓስፖርቱን አንዴ ካስገባሽለት ሳጥኑን ሁሉ ራሱ ይሞላዋል።»

ወይዘሮ ሂሩት ከጠረጴዛዋ ሆና፣ «ኤክስቴንሽን አለን አይደል? ያውላችሁ ከታች፣ ስድስት ሶኬት ያለው» አለች።

የመብራቱ ሳይሆን ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም እንደሆነ አስረዳኋት። ከዚያ የሚጠይቀውን ፈቃድ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «በሚጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃዎን ማንበብና መቀየር።»

«እና?» አለች።

«እናማ የሰዎቹን ኢሜይል ስንከፍት ያነባል። ባንክ ብንከፍትም ያነባል። የምንጽፈውን ፓስዎርድ ሊያይ ይችላል።»

«ያነባል ነው ወይስ ሊያነብ ይችላል?»

«ይችላል። ማንበብ አለማንበቡን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። እሱን ደግሞ አናውቀውም።»

የሠራውን ፈለግን። ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ ያለው አንድ ተራ ኢሜይል ነው። አስተያየቶቹ ሁሉም አምስት ኮከብ፤ አንድ ሰሞን ነው የተጻፉት፣ በአንድ አፍ የተነገሩ ይመስላሉ። ናትናኤል «ሰው ሁሉ ወዶት እኮ ነው» አለ። «ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር ላይ አንድ የሚያማርር አይጠፋም፤ እዚህ ጠፍቷል» አልኩት። ተናዶ ተወው። ወይዘሮ ሂሩት ግን «ስደት ሰውን ፈሪ ያደርገዋል፤ ይሁን፣ ለዚህ ቤት ፈሪ ይሻለዋል» አለች።

ቅጹ ግን በእጅ መሞላቱ እውነትም አድካሚ ነበርና እኔው ሌላ ስፈልግ ሰነበትኩ። አንድ አገኘሁ። የሠራው ሰው ስሙን ጽፏል፣ ለሚያማርሩት አንድ በአንድ ይመልሳል፣ ከዓመታት ጀምሮ ያለ ነው። ሁሉንም ገጽ ልይ አይልም፤ ስትጫኑት ብቻ፣ በከፈታችሁት ገጽ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ቀን በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩትና ለሦስቱም ኮምፒዩተር ጫንኩት። ሥራችን በግማሽ ቀነሰ። ናትናኤል ሳይቀር «በቃ አንቺ ነሽ መርማሪያችን» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። መታወቂያ እንኳ በሌለኝ አገር በአንድ ነገር ተፈላጊ ሆኜ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለምክር ይበቃ ነበር። አላበቃም።

ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ወረፋው እስከ ደጅ ድረስ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ጠመንጃ ያዥ በርበሬና ሽሮ ያዘጋጃሉ፤ ካናዳ ያለች አንድ ልጃቸው አርግዛ ሊያርሷት መሄድ ነው ምኞታቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት። የቪዛ ቀጠሮ ወረቀታቸው በኢሜይል ደርሶ፣ ኢሜይላቸውን ከፍቼ ወረቀቱን ላትም ስል ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። ቅጽ መሙያው አዲስ ፈቃድ ስለጠየቀ ቆሟል፤ ሁሉንም ገጾች እንዲያነብ ይፈቅዳሉ? ይላል።

አነበብኩት። ማንበቤን ካልተናገርኩ ይህን መጻፌ ከንቱ ነው። አነበብኩት፣ ገባኝም። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ድምፁን አልሰማሁም ነበር፤ ሞቷል ብዬ በልቤ ለቅሶ ጀምሬ ነበር። «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኜ ስልኩን ይዤ ወደ ደጅ ሮጥኩ።

ምሥራቅ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ገብቷል። ቤቱን ጥሎ በእግርም በጭነት መኪናም አድርጎ ከሰላ ደርሷል። ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ። ስመለስ እትዬ አስካለ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ስነግራቸው እልል አሉ፣ ወረፋው ሁሉ እልል አለ። የእሳቸውን ወረቀት አተምኩ፣ ሸኘኋቸው። ሳጥኑን ረሳሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ደንበኛ ኢሜይሌ አልከፍት አለኝ ብሎ መጣ። በማግስቱ ሌላ ሰው። ናትናኤል «ፓስዎርድ ረስተው ነው፤ ሰው መቼ ያስታውሳል» አለ። ሦስተኛዋ ግን በስሟ ለዘመዶቿ የማታውቀው መልእክት እንደተላከ ተናገረች። ሦስቱንም ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፣ በእኔው ኮምፒዩተር። ያኔ ሳጥኑ ትዝ አለኝ።

የኤክስቴንሽኑን ገጽ ከፈትኩት። የሠሪው ስም ተቀይሯል። ያ ለሁሉም ይመልስ የነበረው ሰው ሸጦት ሄዷል። ከታች አዳዲሶቹ አስተያየቶች ተደርድረዋል፤ አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ፣ «አጥፉት»፣ «ገዢው ሌባ ነው»። እኔ የመረመርኩት ሰውየውን ነበር፤ ነገ ለማን እንደሚሸጠው አልመረመርኩም። ይህ እንኳ ሰበብ አይሆነኝም፤ ብሮውዘሩ ራሱ አቁሞ ጠይቆኝ ነበር።

በሌሎቹ ሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ሳጥኑን ማንም ስላልነካው ኤክስቴንሽኑ እንደቆመ ነበር፤ ናትናኤል ተበላሽቷል ብሎ በእጁ ሲሞላ ነው የሰነበተው። «ፍቀድ» ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ብል የሚታወቅ አልነበረም፤ ሥራው ከሄደ ደግሞ የተከራየሁት ክፍልም ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲቀንስ ለወይዘሮ ሂሩት ነገርኳት።

አልጮኸችም። «ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ሳጥኑን ከነካሁበት ረቡዕ ወዲህ እኔ ጋ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አለበት። ዝም ካልን ነገም ከነገ ወዲያም ይመጣሉ።»

እኔ በልቤ ዕቃዬን ስሸክፍ ነበር። እሷ ግን ተነስታ በሩን ዘጋችና የደንበኞች ስልክ የተጻፈበትን ደብተር ከመሳቢያው አወጣች። «ስም ጥሪ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ደወልን። ኤክስቴንሽኑን ከሁሉም አጠፋነው፣ ፓስዎርድ በናትናኤል ስልክ ቀየርን፣ ኢሜይላቸው ሌላ ቦታ የተከፈተበትን ሁሉ ዘጋን። አንዳንዱ ሰደበን፣ አንዳንዱ ኤክስቴንሽን ሲባል የመብራት መስሎት «እኔ አልወሰድኩም» አለ። አብዛኛው ተረፈ። የእትዬ አስካለ ግን ስልካቸውም አይነሳም፣ ኢሜይላቸውም አልከፍት አለ። ኢሜይሉን ሲከፍትላቸው ናትናኤል ለፓስዎርድ ማስመለሻ ብሎ ያስገባው የራሱን አሮጌ ሲም ቁጥር ነበር፤ እሱም ከጠፋ ቆይቷል። ናትናኤል ራሱን ይዞ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ሁለታችንም መርማሪ አልነበርንም።

የቀጠሯቸው ቀን ሐሙስ እንደሆነ እናውቃለን፣ ወረቀቱንም ይዘዋል፤ በዚያ ተጽናናን። ሐሙስ ጠዋት ኤምባሲው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ይዘው መጡ። ዘበኛው ስማቸውን ከዝርዝሩ ፈለገ።

«እናቴ፣ የእርስዎ ቀን ተቀይሯል። ሰኞ ነበር፣ አለፈ። በኢሜይል ተነግሮዎታል።»

«ኢሜይሌን የሚያዩልኝ ልጆቹ ናቸው።»

«ታዲያ ልጆቹ አላዩም?»

ዞር ብለው አዩኝ። አዲስ ቀጠሮ የተገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው። ልጃቸው ልትወልድ የቀራት ስድስት ሳምንት ነበር።

የሆነውን ሁሉ የነገርኳቸው ቤታቸው ሄጄ ነው። ለልጃቸው ያዘጋጁት የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ የተቆላ ተልባ በየከረጢቱ ታስሮ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አሉ።

«እችላለሁ።»

«አንብበሽ ነው የነካሽው?»

«አንብቤ ነው እትዬ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። ስለማልችል ነው ላንቺ የሰጠሁት። አንቺ ደግሞ እየቻልሽ ሳያነብ እንደቀረ ሰው ነካሽው።» ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «አባትሽ መሆኑን አውቃለሁ። እልል ብያለሁ እኮ። ቢሆንም ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው።»

ሻይም አላቀረቡልኝ፣ ውጪም አላሉኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ልጅቱ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ቢሮ መጥተው ወንበሬ አጠገብ ተቀመጡና «ልጄን አሳዪኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ቀን ሙሉ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ በእኔ ላፕቶፕ ከሰንጋ ተራ ሆነው ካናዳ ያለችውን አራስ አረሷት። «እሳቱን ቀንሺ! እየጓጎለ ነው! አማስይው!» ይሏታል፤ ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶችም ከኋላ እየተቀበሉ ያማስላሉ። አንድ ቀን አራሷ ገንፎውን ጥላ አለቀሰች። እሳቸው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ። እኔ ወደ ማተሚያው ዞርኩ።

ይቅር አልኩሽ ብለውኝ አያውቁም። ግን አንድ ልማድ አመጡ። አሁን ማንኛውም ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ የእሳቸውም ጉዳይ ባይሆን፣ «ምን ይላል? አንብቢልኝ» ይላሉ። አነብላቸዋለሁ። «ፍቀድ ነው የሚለው? ለማን? ምን ሊያደርግበት?» ይላሉ። ያልመለስኩትን አያስነኩኝም። በአራተኛው ወር ቪዛውን አግኝተው ሄዱ። ዱቄቱን በአዲስ ፈጭተው ይዘውት ነው የሄዱት።

ለእናንተ፣ እንደ እኔ በየሰው አገር ኮምፒዩተር ላይ ለተቀመጣችሁ የምላችሁ ብዙ አይደለም። ያለሱ መሥራት ከቻላችሁ አትጫኑት። ከጫናችሁት ማን እንደሠራው፣ የሚጠይቀው ፈቃድ ከሥራው ጋር ይመጣጠን እንደሆነ እዩ፤ ቅጽ የሚሞላ ነገር ባንካችሁን ምን ያደርግለታል? አስተያየት ስታነቡ አዲሶቹን አስቀድሙ። አንዴ መርምሬዋለሁ ብላችሁ አትተኙ፣ በየጊዜው ዞር ብላችሁ እዩት። ስልክ ከጠራ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱና ስልኩን አንሱት። ሳጥኑ ይጠብቃል።

ባለፈው እሑድ አባቴ ደወለ። ከጀሪፍ የመጣ ሰው ከሰላ ላይ አግኝቷል።

«ቤቱን አይቶታል» አለ።

«እንዴት ነው?»

«ግድግዳው አለ።»

«ሌላስ ባባ?»

«ግድግዳው አለ አልኩሽ።»

ሰው እየተመለሰ ነው አለኝ፣ ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ። እዚህ ክፍሌ ለሁለት ይበቃል፣ ጋራዥም ሞልቷል አልኩት። «ብርዱስ?» አለ። «ይለመዳል» አልኩት። «አንቺ ለምደሽዋል?» አለኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። የቴፕ ድምፅ ነው፤ የደወሉለት ሰው አሁን አይገኝም፣ ቆይተው ይሞክሩ የምትል ሴት፣ በዓረብኛ፣ በዚያ በካርቱም አነጋገር፣ ቃሉን ሳብ እያደረገች። እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ከዚያ እንደማይነሳ እያወቅኩ እንደገና ደወልኩላት።